ሦስተኛው ሾፌር

ፈሪ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ያለው ታሪክ ሌላ ነገር እንድታስቡ ሊያደርጋችሁ ስለሚችል ነው። ጅብ አልፈራም፤ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃ የሚወጣ ጅብ የለምና። ሌባም አልፈራም፤ ስንት ቤት እያለ የእኔን መርጦ የሚገባ ሌባ ካለ፣ መታዘን ያለበት ለእሱ ነው። አለቃዬን እፈራለሁ፤ እሱን ግን የማይፈራ የለም። መንፈስን በተመለከተ እስካለፈው ክረምት ድረስ ይህ ነው የምለው አቋም አልነበረኝም። አይቼው አላውቅም፤ እሱም አይቶኝ አያውቅም፤ ተከባብረን እንኖር ነበር።

ነገሩን ቤቴ ድረስ ይዞብኝ የመጣው የባለቤቴ ወንድም ናሆም ነው። ናሆም ቦሌ ለሚ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ኮምፒውተር ይጠግናል። እሑድ እሑድ እኛ ጋ ምሳ ይበላል፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ሳንጠይቀው አንድ አዲስ ነገር ያስተምረናል። አንድ ጊዜ «ስልክህን ፈጣን ላድርግልህ» ብሎ ቋንቋውን ቻይንኛ አድርጎት ሄደ፤ ስልክ በተደወለልኝ ቁጥር አረንጓዴውን እየነካሁ ሳምንት ከረምኩ። የዚያን እሑድ ላፕቶፑን በገመድ ከቲቪያችን ጋር አገናኘና የጭነት መኪና ጨዋታ ከፈተ።

«ጆይስቲኩስ?» አልኩት።

«ብሮ፣ ጆይስቲክ ምናምን ቀረ እኮ። ስልክህ ራሱ ኮንትሮለር ነው። ዳውንሎድ የለ፣ ምን የለ። ብራውዘር ክፈት፣ ቲቪው ላይ ያለችውን ኮድ ስካን አድርግ፣ በቃ ኢን ነህ።»

ስካን አደረግኩ። የስልኬ ገጽ ጥቁር ሆነ። በጥቁሩ ላይ መሪ፣ ፍሬን፣ ማርሽና ክላክስ ተሳሉበት። ጣቴን ወደ ቀኝ ሳንሸራትት ቲቪው ላይ ያለው ቀይ መኪና ወደ ቀኝ ዞረ። እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ በሕይወቴ የነዳሁት ትልቁ ነገር የሱፐርማርኬት ጋሪ ነው። ባለ ተሳቢ መኪና በአንድ ጣቴ ሳዞር የተሰማኝን ደስታ መደበቅ አልቻልኩም። ባለቤቴ ትዕግሥትም በስልኳ ገባችና ሰማያዊ መኪና ደረሳት። ስሟን ያወጡላት አባቷ ናቸው፤ ተስፈኛ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ገጭታ ገደል ከተተችኝ።

ናሆም ለሦስት ሰው ይሠራ እንደሆን ልሞክረው አለ፤ የእሱ ስልክ ደግሞ ባትሪ ጨርሷል። እኔም ከፊት ለፊት ጎረቤታችን ታብሌት ልዋስ ወጣሁ።

ፊት ለፊታችን፣ በር ለበር፣ እትዬ አስካለና ጋሽ ደምሴ ይኖራሉ። ጋሽ ደምሴ ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መንገድ የጨረሱ ሰው ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፣ ምላሳቸውም ታስሯል። እትዬ አስካለ ወጪ ወራጁን እያዩ ይጽናኑ ብለው አልጋቸውን ሳሎን፣ ከበሩ ትይዩ ዘርግተውላቸዋል። በእኛ ብሎክ ሰው ካልተኛ በስተቀር በር አይዘጋም፤ መጋረጃው ወደ ጎን ይሰበሰብና እነሱም እኛን፣ እኛም እነሱን እያየን እንውላለን። ዋይፋዩም የእኛ ነው። ድሮ ጎረቤት ጨው ይዋሳል፣ ዛሬ ፓስወርድ ይዋሳል።

ታብሌቱ መዝሙር የሚሰሙበት ነው። ወስደን ሞከርነው፣ ሠራ። መልሼ ስወስደው መዝሙሩን ከፈትኩና እትዬ አስካለ በጋሽ ደምሴ ደረት ላይ፣ በግራ እጃቸው ሥር አስቀመጡት። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ኮሪደሩ አወጡኝ።

«ልጄ፣ ለፊታችን ቅዳሜ ደምሴን ተሸክሞ የሚያወርድ ሰው ፈልግልኝ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አራት ጎበዝ ይበቃል። ሂሩት ልትወስደው ነው።»

ሂሩት አዳማ የምትኖረው ልጃቸው ናት። እዚያ አቅመ ደካሞችን የሚንከባከብ ቤት አግኝታለች።

«እርስዎስ?»

«ለእኔ ቦታ የለም። ወንድ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ወገቤ እንደሆነ አለቀ፤ ማገላበጡ አቅቶኛል። በእሷም አልፈርድም። ‹አያውቅሽም እኮ እማዬ፣ የትም ቢሆን ለእሱ አንድ ነው› ትለኛለች።» ከዚያ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «አንተ ምን ትላለህ? እውነት አያውቀኝም?»

እኔ ስለ ዓለም ፖለቲካ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ሰው ጨጓራ ሳይቀር ተጠይቄ መልስ አጥቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን «አራቱን ሰው አገኛለሁ» ብቻ አልኳቸው። ከአራተኛ ፎቅ ሰው ተሸክሞ መውረድ እንዴት እንደሚሆን እያሰብኩ፣ ስለ እሳቸው አዝኜ፣ ስለ ወገቤም ትንሽ አዝኜ ተመለስኩ። ሊፍት የለንም። የሊፍቱ ጉድጓድ ግን አለን።

ናሆም ላፕቶፑን ትቶልን ሄደ። ሰኞ ከሥራ ስገባ ዝናቡ የአትላስን ታክሲ ሰልፍ አጥቦ፣ እኔንም አጥቦ ነው ያስገባኝ። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ አመሻሹ ላይ ሲመጣ እኔና ትዕግሥት ስልካችንን ያዝንና ጨዋታውን ከፈትን። መንገዱ ተራራማ ነው፣ ጭጋግ አለው። ቀዩና ሰማያዊው መኪና ጎን ለጎን ቆመው ሞተራቸው ያጉረመርማል።

ከጭጋጉ ውስጥ ሦስተኛ መኪና ወጣ።

ነጭ ነው። መብራቱን አብርቶ፣ ቀስ ብሎ መጥቶ ከኋላችን ቆመ። ትዕግሥትን አየኋት፤ አየችኝ። ሁለታችንም እጃችን ላይ አንድ አንድ ስልክ ብቻ ነው ያለው። ከነጩ መኪና በላይ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ተጽፏል። ትዕግሥት መነጽሯን አላደረገችም፤ ዓይኗን አጥብባ አነበበችው።

«ጎስት ይላል! መንፈስ!»

«ጎስት አይደለም፤ ጌስት ነው። እንግዳ ማለት ነው» አልኳት፣ በተቻለኝ መጠን እንደ ምሁር።

«ማን ጠራው?»

ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ስንነሳ ተነሳ። ስንቆም ቆመ። አይሽቀዳደምም፣ ደርቦ አያልፍም፤ ርቀቱን ጠብቆ ብቻ ይከተላል። ኩርባ ላይ ሊደርስ ሲል አጭር ክላክስ ያሰማል፤ ዝቅ ያለ፣ የሩቅ ድምፅ ነው። በሰውነቴ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆመ፤ ብዙ አይደለም፣ ያለው ግን ቆመ።

«በሩን ዝጋው!» አለች ትዕግሥት። ለምን በሩን እንደምዘጋ አልጠየቅኳትም፤ ሰው ሲፈራ በር ይዘጋል። ዘግቼ ዞር ስል ነጩ መኪና መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኛ ርቀን ሄድን፤ እሱ ከቦታው አልተነቃነቀም። መብራቱ ብቻ በጭጋጉ ውስጥ ይታያል። እንደጠፋ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ተከትሎን ቢመጣ ይሻለኝ ነበር።

ትዕግሥት ቤቱ አፈናትና በሩን ከፈተችው። ከማዶ ጋሽ ደምሴ በአልጋቸው ላይ ቀና ብለው እንደተለመደው በራችንን ያያሉ። ሰው በማየቴ ደስ አለኝ፤ «እንዴት አመሹ ጋሽዬ?» አልኳቸው። ያን ጊዜ ከጀርባዬ ከቲቪው ክላክስ ጮኸ። ላፕቶፑን የዘጋሁት በክርኔ ይሁን በጉልበቴ አላስታውስም።

አስተዋይ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አንድ ነገር ይገባው ነበር። እኔ አስተዋይ ነኝ፤ ግን ከሥራ ሰዓት ውጭ ነበር።

በማግስቱ ደግሞ ላስረዳችሁ የምቸገርበት ነገር ሆነ። ጠባብ ድልድይ ላይ እኔ ዳገቱን እየወጣሁ፣ እሱ እየወረደ ተገናኘን። ነጩ መኪና ፍሬን ያዘ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ዳር ያዘና በመብራት «እለፍ» አለኝ። ወገኖቼ! በዚህ ከተማ ይህን ያህል ዓመት ስኖር፣ ከጎሮ እስከ ቦሌ መድኃኔዓለም ባለው መንገድ ላይ፣ ለሌላው ብሎ ወደ ኋላ የተመለሰ ባለ መኪና አይቼ አላውቅም። የዚህ ዓለም ፍጡር እንዳልሆነ ያረጋገጥኩት ያን ጊዜ ነው።

ትዕግሥት ጠበል አመጣች። ቲቪውን ረጨችው፤ ራውተሩን ረጨችው፤ ቀጥላ እኔን ረጨችኝ።

«እኔን ለምን?»

«ለጥንቃቄ ነው።»

ከቲቪው ጥግ በኩል ጭስ ነገር የወጣ መሰለኝና ነቀልኩት። ናሆም ጋ ደወልኩ፤ ሳቀብኝ። «ብሮ፣ ሲምፕል ነው፤ ዋይፋይህን የሆነ ሰው እየተጠቀመበት ነው። ፓስወርድ ቀይር፣ ጌም ኦቨር።» ቀየርኩ።

ነጩ መኪና ጠፋ። ያን ምሽት አልመጣም፤ በማግስቱም አልመጣም። ደስ ሊለን ሲገባ እኔም ትዕግሥትም በየኩርባው ወደ ኋላ እናያለን። ክላክሱ ሲቀር መንገዱ ዝም አለ። አንድ ጊዜማ ገደል ገብቼ ስወጣ ዳር ይዞ የሚጠብቀኝ እንደሌለ ሳይ ቅር አለኝ፤ ለትዕግሥት ግን አልነገርኳትም።

ሐሙስ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። ፊታቸው ከስሏል።

«ደምሴ ምግብ እምቢ አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚውለው።» አሉኝ። «ሰሞኑን ደግሞ፣ አመሻሽ ላይ፣ ግራ እጁ እረፍት አጥቶ ነበር። ብርድ ልብሱን ሲለቅም፣ ሲለቅም ያመሻል። እናቴም ሲሄዱ እንዲሁ ነበር ያደረጋቸው። የሚሄድ ሰው ነው እንዲያ የሚለቅመው። አሁን እሱንም ተወው። ለሂሩት ነገርኳት፤ ‹እንግዲያው ሳይብስበት እዚያ ሐኪም አጠገብ ይሁን› አለች።»

እንዲህ ሲባል የሚባለውን አልኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም ነበር።

«ታብሌቱም አስቸገረኝ። መዝሙር ከፍቼለት ዞር ስል ጥቁር ይሆናል። ልወስድበት ስል ደግሞ ያቃስታል። አሁንማ መዝሙሩም ጭራሹን እምቢ አለ።»

«ጥቁር የሚሆነው ባትሪው ደክሞ ነው» አልኩ፣ በሙሉ እምነት። «መዝሙሩ ደግሞ ፓስወርድ ስለቀየርኩ ነው፤ አሁኑኑ አስገባዋለሁ።»

አስገባሁት። ታብሌቱን መልሼ በግራ እጃቸው ሥር ሳስቀምጥ ጋሽ ደምሴ ከግድግዳው ዞረው አዩኝ። ዓይናቸው እንደ በሽተኛ ዓይን አይደለም። ከፊቴ ላይ አልነሣ አለ። አፋቸው ሊናገር ፈልጎ ተጣመመ፤ ድምፅ የለም። እንዲህ ያለ ዝምታ ያስፈራኛል፤ በውስጡ ሰው ይኑር አይኑር አይታወቅም። «እግዚአብሔር ይማርዎ» ብዬ ወጣሁ፤ መውጣት ሳይሆን ማምለጥ ነበር።

የዚያኑ ዕለት፣ ገና እንደመሸ፣ ነጩ መኪና ተመለሰ።

አሁን ወደ ፊት ወጥቶ ይመራን ጀመር። ከተራራው አናት ላይ አንድ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ጨዋታውን የሠሩት ፈረንጆች ለጌጥ ያስቀመጧት፣ መስቀል ያላት የድንጋይ ቤት። ነጩ መኪና እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ፊት ለፊቷ ቆመ። መብራቱ አንድ ጊዜ ዝቅ አለ። ትንሽ ቆይቶ ጉዞውን ቀጠለ። ዞረን በመጣን ቁጥር እዚያው ቦታ ቀነሰ፣ ቆመ፣ መብራቱን ዝቅ አደረገ፣ ሄደ።

ትዕግሥት ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ተሳለመ» አለች።

«ምን?»

«ቤተ ክርስቲያኗን ተሳለመ። አንተ፣ ሰይጣን አይሳለምም።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ሰይጣን ከሆነ ጠበል አለ፣ መድኃኒቱ ይታወቃል። የሚሳለም ሰው ከሆነ ግን የእኛው ሰው ነው ማለት ነው፤ ሀገራችንን የሚያውቅ፣ መንገዳችን ላይ የነዳ። ታዲያ ከየት ሆኖ ነው የሚነዳው? እኔ ወዲያው ገባኝ፤ መንገድ ላይ የሞተ ሾፌር ነው። ሬሳው ሳይገኝ፣ ፍታት ሳይደረግለት ቀርቶ፣ ነፍሱ ዋይፋይ ባገኘችበት ትገባለች። ለትዕግሥት ስነግራት አልሳቀችም። እኔም አልሳቅኩም።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ተነሳሁና ቲቪው ፊት ቆሜ፣ እጄን አጣምሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። ሰው ሊያብድ ሲል እንዲህ ነው የሚጀምረው።

«ወንድሜ ሆይ፣ ነፍስህን ይማር! በሰላም ዕረፍ! ተዝካር ነው የጎደለህ? ምን እናድርግልህ?»

ክላክሱ ጮኸ። እንደ ኩርባው አጭር አይደለም፤ ረጅም፣ የተቆጣ፣ አላቆም ያለ ጩኸት ነው። ከማዶ እትዬ አስካለ «ኧረ በስመ አብ!» ሲሉ ተሰማኝ። ተዝካሩ እንዳልተወደደለት ገባኝ፤ ሌላ ግን አልገባኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ሂሩት መጣች። ከሥር መኪና ቆሞ ይጠብቃል። ተሸካሚዎቹ እኔ፣ ናሆም፣ የብሎካችን ጥበቃና ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችን ነን። ናሆም ቀድሞ ደርሶ፣ ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ብሎ በእኛ ቲቪ ጨዋታውን ከፍቷል። የጋሽ ደምሴ ልብስ በአንዲት ሻንጣ ገብቶ አልቋል። እትዬ አስካለ ከአልጋው ግርጌ ቆመው የባላቸውን ካልሲ ያስተካክላሉ፤ የተስተካከለውን መልሰው ያስተካክላሉ። ሂሩት ዓይኗ ቀልቷል። አባቷን የጠላች ልጅ እንዳልሆነች ማንም ያያል።

«አባዬ፣ ጥሩ ቦታ ነው እሺ? ግቢው አበባ አለው» አለችና ታብሌቱን ሻንጣው ውስጥ ልትከት ከእጃቸው ሥር አወጣችው።

«እንዴ!» አለች ትዕግሥት ከእኛ ቤት። መጥረጊያ ይዛ ቲቪው ፊት ቆማለች። «ገደል ገባ! እንግዳው ገደል ገባ!»

ጋሽ ደምሴ አቃሰቱ። ሂሩት ደንግጣ ታብሌቱን መለሰችላቸው።

«ወጣ! ኧረ እየወጣ ነው!»

እኔ ያን ጊዜ እግራቸውን ይዣለሁ። ከቆምኩበት፣ በሁለቱ ክፍት በሮች በኩል፣ ቲቪያችን ወለል ብሎ ይታየኛል። ቀና ብዬ ነጩን መኪና አየሁ። ዝቅ ብዬ ታብሌቱን አየሁ፤ ጥቁር ነው፣ መሪ፣ ፍሬን፣ ማርሽና ክላክስ ተስለውበታል። እሑድ ዕለት ከፍተን የተውነው ገጽ! የጋሽ ደምሴ ግራ አውራ ጣት ወደ ቀኝ ሄደች፤ መኪናው ወደ ቀኝ ዞረ። ወደ ግራ ሄደች፤ ወደ ግራ ዞረ። ያ ሁሉ ብርድ ልብስ መልቀም! ፓስወርዱ ሲቀየር ወደ ግድግዳ መዞራቸው! እኔ ደግሞ በቁማቸው ነፍስ ይማር ያልኳቸው! መቃብር ላይ ቆሜ ከውስጥ «ማነው?» የተባልኩ ያህል ደነገጥኩ።

«ሂሩት» አልኳት፣ «አባትሽ እየነዱ ነው።»

ስናስረዳት አላመነችም። አራታችንም ለመሸከም ተዘጋጅተን ነበርና አልጋቸውን ከነፍራሹ አነሳን፤ ግን ወደ ደረጃው ሳይሆን ኮሪደሩን አሻግረን የእኛ ሳሎን አስገባናቸው። ቲቪው ፊት ለፊት አደረግናቸው። ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። ኩርባ ሲመጣ ጣታቸው ክላክሷን ትነካለች።

«ጣት ነው እኮ» አለች ሂሩት። «ዕድሜ ልኩን የለመደው ነገር ስለሆነ ይንቀሳቀሳል። ሐኪሙም ብሎኛል። እኔ ወድጄ መሰላችሁ? ተስፋ ሰጥታችሁኝ ነገ ልትወስዱብኝ ነው?» ተንበረከከችና ጆሯቸው ሥር ሆነች። «አባዬ፣ የምታውቀን ከሆነ አንድ ነገር አድርግ። ምንም ይሁን።»

ነጩ መኪና መንገዱን ቀጠለ። ዳገቱን ወጣ፣ ቁልቁለቱን ወረደ፣ ራቀ። ሂሩት ዓይኗን በእጇ ሸፈነች። እኔም በልቤ እሷ ሳትሆን አትቀርም ልክ የሆነችው አልኩ፤ ይህንን ማሰቤ እስከ ዛሬ ያስከፋኛል።

እትዬ አስካለ በቀይዋ መኪና የገባሁበትን ስልኬን ከእጄ ወሰዱ።

«የቱን ነው የምነካው?»

«ይቺን ነው፣ እትዬ። ይቺ መሪዋ ናት።»

ስልክ በመደወል እንጂ በሌላ ነገር የሚያውቁት ሴትዮ አይደሉም። በሁለት እጃቸው እንደ ትሪ ያዙት። ቀይዋ መኪና ተነሳች፣ ተንገዳገደች፣ ከአስፋልቱ ወጥታ ሣር ውስጥ ገባችና ግንድ ገጭታ ቆመች። ነጩ መኪና በዚያን ጊዜ ከተራራው ማዶ፣ መድረሻው አጠገብ ነው። የቀረው የመጨረሻዋ ኩርባ ብቻ ናት።

እትዬ አስካለ ቲቪውን ሳይሆን ባላቸውን ነበር የሚያዩት።

«ደምሴ» አሉ፣ «ቀረሁልህ እኮ።»

ነጩ መኪና ፍሬን ያዘ። ፍሬቻው ብልጭ ድርግም አለ። ከዚያ ማርሹ ወደ ኋላ ገባና ያንን ሁሉ መንገድ የኋሊት መመለስ ጀመረ። ዳገቱን የኋሊት፣ ድልድዩን የኋሊት፣ በየኩርባው እየቆመ፣ እየተጠነቀቀ። የጋሽ ደምሴ ግንባር ላይ ላብ ወጣ። ግራ አውራ ጣታቸው ትንቀጠቀጣለች፣ ግን አትስትም። ጥበቃው ባርኔጣውን አወለቀ። ቀይዋ መኪና ጋ ሲደርስ ከአስፋልቱ ወርዶ ሣሩ ውስጥ ገባ፣ ጎን ለጎን ተጠግቶ ቆመና መብራቱን አበራላት።

ለመድረስ የተሰጠን ሰዓት አለቀና ጨዋታው መሸነፋችንን ነገረን። እትዬ አስካለ ስልኬን ጥለው የባላቸውን እጅ ያዙ። ጋሽ ደምሴ አለቀሱ፤ በግማሽ ፊታቸው ነው የሚያለቅሱት፣ ሌላው ግማሽ አይታዘዝላቸውም።

ሂሩት ሻንጣውን እንደያዘች መሐል ሳሎን ቆማለች።

«ማን ያነሳዋል ታዲያ?» አለች። «የእማዬ ወገብ… በየቀኑ ማን ያገላብጠዋል?»

«እኛ አለን» አለ አንድ ሰው። ዘወር ብዬ ማን እንደሆነ ሳይ ሁሉም እኔን ያያሉ። ወገቤ አንድ ጊዜ ቋ አለ፤ ግን ቃል ከአፍ ወጥቷል። ጥበቃው «እኔ ጠዋት ጠዋት እችላለሁ» አለ። የታች ቤቱ ጎረቤትም ራሱን ነቀነቀ።

ሂሩት ሻንጣውን መሬት አስቀመጠችው። በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣችና ወደ ናሆም ጠጋ አለች።

«እኔስ» አለችው፣ «በየት በኩል ነው የምገባው?»